ጋቢውን ትቶ በርኖሱን

ቡናው እስኪፈላ አንድ የቤታችንን ጉድ ላጫውታችሁ።

አባባ ካረፉ ጀምሮ ማንም ያልነካት አንዲት የእንጨት ሳጥን ነበረችን። ቁልፏ እናታችን መቀነት ውስጥ ዓመታት ኖረ፤ እሷም ስታልፍ ወደ እህቴ ዞረ። ጠልተናት አልነበረም የማንከፍታት። የአባባ ነገር ስለሆነች ፈርተናት፣ ደግሞም አክብረናት ነው። ባለፈው ጥር እህቴ ልጇን ስትድር ግን «የአባባ በርኖስ ይውጣ፤ ታላቅ ወንድማችን ይደርብበትና ሙሽሮቹን ይመርቅ» ብላ ቆረጠች።

ቤተሰቡ ዙሪያውን ቆመ። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር በዘይት ተለመነ። ክዳኑ ሲነሳ ከላይ ጋቢው ተኝቷል፤ እናታችን ራሷ ፈትላ ሸማኔ ዘንድ ወስዳ ያሠራችው ነው። ገለጥነው፤ ትንሽ ወይቧል እንጂ አንዲት ቀዳዳ የለበትም። እልልታ ተጀመረ። ከሥሩ በርኖሱ ወጣ፤ የመንዝ በርኖስ፣ ጥቁር፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ። ወንድሜ በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ መስኮቱ ሲያነሳው እልልታው ጸጥ አለ። በበርኖሱ ውስጥ የጎረቤታችን የቆርቆሮ ጣሪያ ይታየናል። ወንፊት ሆኗል። ከሳጥኗ ግርጌ የአባባ ጭራ ነበረች፤ እጀታዋን ይዤ ሳነሳት የፈረሱ ፀጉር እዚያው ረገፈ፤ መላጣ ዱላ ይዤ ቀረሁ።

የአባባ ታናሽ እህት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና «ብል ነው» አሉ።

«ጋቢውንስ ለምን ተወው እትዬ?» አልኳቸው።

«የእናትህ እጅ አለበታ!»

መልሱ አንጀት ያርሳል። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ሳጥን፣ አንድ ጨለማ፣ አንድ ዕድሜ። አንዱን ወንፊት አድርጎ፣ አንዱን መላጣ አስቀርቶ፣ ሦስተኛውን ሳይቀምስ መተው ምን የሚሉት አመጋገብ ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ብል ያላገላበጥኩት ነገር የለም። ያገኘሁት ደግሞ ከጠበቅኩት በላይ ስለሆነ ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም።

አማርኛችን ለያንዳንዱ ሀብታችን ጠላቱን ለይቶ መድቦለታል፤ ለእህል ነቀዝ፣ ለእንጨት ምስጥ፣ ለልብስ ብል። የማቴዎስ ወንጌልም ምዕራፍ 6 ላይ በምድር ስለሚከማች ሀብት ሲናገር ብልን ከዝገት ጎን ያቆመዋል። የኛ ሳጥን ሁለቱንም አሟልታ ነው የጠበቀችን፤ ቁልፉ ላይ ዝገቱ፣ ውስጧ ብሉ። ነገር ግን ብል ብል እያልን አብዛኞቻችን ፊቱን አይተነው አናውቅም። የምናውቀው ሥራውን ነው።

ባለሥራው ከእሳት እራት ወገን ነው። ያቺ ማታ ማታ አምፖል የምትዞረው ነፍሳት ዘመዱ ናት። ሳይንሱ ቲኔዮላ ቢሴሊዬላ ብሎ ይጠራዋል። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ9 እስከ 16 ሚሊሜትር ነው፤ አጥፎ ሲቀመጥ ከአንዲት የስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። መልኩም እንደ ስንዴ ገለባ ወርቃማ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ክንፉ ላይ ነጠብጣብ የለበትም። አናቱ ላይ ቀላ ያለ ፀጉር ተንጨባሮ ቆሞለታል። የሌላውን ፀጉር የሚበላ ፍጡር የራሱን ጎፈሬ ማሳደጉ ያስቃል።

ከእሳት እራት ወገን ይሁን እንጂ ስሙ አይመጥነውም። የእሳት እራት ያልናት እሳት ስታይ ሮጣ ገብታ እራቱ ስለምትሆን ነው። ብል ግን ብርሃን ጠል ነው። ሳጥን ሲከፈትበት ወደ ላይ አይበርም፤ በእግሩ ሮጦ እጥፋት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አምፖል ሥር ስትዞር አግኝታችሁ በነጠላ ጫማ የቀጠቀጣችኋት ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በሐሰት የተከሰሰች ናት። ጥፋተኛው ያን ጊዜ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ የካፖርታችሁ ኮሌታ ሥር አርፎ ተቀምጧል።

ነገሩ እዚህ ላይም አያበቃም። ክንፍ ያወጣው ብል ልብስ አይበላም። ልብስ ቀርቶ ምንም አይበላም፤ የሚሠራ አፍ አልተሰጠውም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚኖረው በልጅነቱ በልቶ ባጠራቀመው ስብ ነው። በዚያች አጭር ዕድሜ ሴቷ ከ40 እስከ 50፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ እንቁላል ትጥላለች፤ ጥላ ስትጨርስ ትሞታለች። እንቁላሏ ከጎኑ ጤፍ ብታስቀምጡ ጤፉ ግዙፍ ይመስላል። በድርና በማጉ መካከል ስለምትሰካው ዓይን አይለየውም። ሴቷ በእንቁላል ስለምትከብድ መብረር ብዙም አትወድም፤ ትሄዳለች፣ ትዘላለች። ክፍል ውስጥ ስትንቀለቀል የምናያት እንግዲህ በብዛት ወንዱ ነው፤ ሚስት ፍለጋ የወጣ። እሱን አጨብጭባችሁ ብትገድሉት ካፖርታችሁ አይድንም። ሥራው ጓዳ ውስጥ ካለቀ ቆይቷል።

በላተኛው ትሉ ነው። ከእንቁላሉ ሲወጣ ነጣ ያለ፣ ጭንቅላቱ ብቻ ቡናማ የሆነ ጥቃቅን ነገር ነው። ወዲያው ከአፉ ሐር ማውጣት ይጀምራል። ባለበት ቦታ ላይ ዋሻ መሳይ ድር ይሠራና እዚያ ውስጥ ተደብቆ እየበላ ወደፊት ይገፋል። ዘመኑ የሚወሰነው በሙቀቱና በምግቡ ነው፤ ደልቶት ከሆነ ሁለት ወር፣ ካልደላው ሁለት ዓመት ትል ሆኖ ይቆያል። በዚህ መሐል ቆዳውን ከ5 እስከ 45 ጊዜ ይቀይራል። የሰው ልብስ ጨርሶ የራሱን ልብስ አርባ ጊዜ የሚቀይር ሌላ ማን አለ?

አንድ ነገር ደግሞ ሳነብ ክው አደረገኝ። የብል ትል የሚጥለው ኩስ የበላውን ልብስ ቀለም ይይዛል። ቀይ ምንጣፍ የበላ ቀይ፣ ሰማያዊ ሹራብ የበላ ሰማያዊ ይጥላል። ሳጥናችን ግርጌ ጥቁር፣ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ተከማችቶ ነበር። እህቴ «አባባ ከመንዝ ሲመጡ በርኖሱ ይዞት የመጣ አፈር ነው» ብላ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣው ነበር፤ ለመታሰቢያ። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይህን ካነበበች ይቅር ትበለኝ።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ። ጋቢውን ለምን ተወው?

ፀጉር ቤት የምትመላለሱ ቶሎ ይገባችኋል። ፀጉራችንን ፀጉር ያደረገው ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጥፍር፣ ቀንድ፣ ሰኮና፣ ላባ፣ የበግ ፀጉር፣ የፈረስ ጭራ፣ ሁሉም ከእሱ ነው የተሠሩት። የኬራቲን ክሮች እርስ በርሳቸው የተቆላለፉት በድኝ ድልድይ ነው። ድልድዩ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ የኛ ሆድ አይፈታውም። ወጥ ውስጥ ፀጉር ገብቶ ብንውጠው እንደገባ ይወጣል። ፀጉር ማለስለሻው ቅባት፣ ሪላክሰር የምትሉት፣ ራስ እያቃጠለ የሚሠራው ሥራ ይህንኑ ድልድይ መስበር ነው። የብል ትል ታዲያ ፀጉር ቤቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። አንጀቱ እንደ ሳሙና ውኃ አልካሊ ነው፤ በዚያ ላይ የድኙን ድልድይ የሚበጥስ ኬሚካል አለበት። ድልድዩ ሲሰበር ኬራቲኑ እንደማንኛውም ሥጋ ይፈጫል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ መርምረው የጻፉት ካይ ሊንደርስትሮም ላንግ የተባሉት ኬሚስትና ባልደረባቸው ናቸው። የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ቁጭ ብሎ የብል አንጀት መመርመር፣ ሥራ ማለት ይህ ነው።

ጋቢ ግን ጥጥ ነው። ጥጥ የተሠራው ከሴሉሎስ ነው፤ የእንጨትና የሣር ወገን ማለት ነው። ለብል አንጀት ጋቢ ማለት ለኛ የማገዶ ፍልጥ እንደማለት ነው። ስለዚህ ነጠላ፣ ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ቡልኮ፣ ንጹሕ እስከሆኑ ድረስ ከብል የሚያሰጋቸው የለም። በርኖስ፣ ባና፣ ዝተት፣ አጎዛ፣ ጭራ፣ የሱፍ ኮት፣ የሱፍ ምንጣፍ ግን ለእሱ ድግስ ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል የኖርነው በተስፋ ነው፤ ብል ግን በዚያች ደቃቅ ድሩ ተከልሎ የአንበሳ ጎፈር ሳይቀር ይበላል። ያውም አንበሳው ሞቶ ሳጥን ከገባ በኋላ።

ይህን ለእትዬ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «እና ታዲያ ጋቢዬ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የምንድናቸው?» አሉኝ። ጋቢያቸውን አየሁት። ከፊት ለፊት፣ ጉልበታቸው ላይ፣ ጠርዛቸው የጠቆረ አምስት ስድስት ቀዳዳዎች። ጠዋት ማታ ከረከቦቱ ሥር፣ ከከሰል ምድጃው ጎን የሚቀመጥ ሰው ጋቢ ነው። ፍም ሲፈነጠር ያረፈባቸው ናቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ብልን ሲያማርሩ የነበሩት በራሳቸው ምድጃ ኃጢአት ነው። አንባቢዎቼም፣ ጋቢያችሁ ተቀዶ ካገኛችሁት መጀመሪያ ምድጃውን፣ ቀጥሎ አይጡን መርምሩ። ብል የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን።

«ንጹሕ እስከሆኑ ድረስ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወጥ የነካው፣ ላብ የጠጣ ጥጥ ከሆነ ትሉ ቆሻሻውን ሲከተል ክሩንም በጥሶ ያልፋል። ከሱፍ ጋር ተቀላቅሎ በተሠራ ልብስም ሱፉን ሲለቅም ጥጡን ያበላሻል። የሚገርመው ደግሞ ሱፍም ቢሆን ፍጹም ንጹሕ ከሆነ ብል አያድግበትም። ኬራቲን ብቻውን ለእሱ ደረቅ እንጀራ ነው፤ ወጥ ያስፈልገዋል። ወጡ ከላባችን፣ ከወዛችን፣ ከተንጠባጠበው ምግብ የሚገኘው ቫይታሚንና ጨው ነው። ስለዚህ ነው የብል ቀዳዳ ኮሌታ ላይ፣ ብብት ሥር፣ እጅጌ ጫፍ ላይ የሚበዛው። የአባባ በርኖስ በብዛት ያለቀው አንገቱ ላይ ነበር። ሰውየው እዚያ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ላባቸውን አፍስሰዋል።

አሁን አገሩን እንጠይቀው። ይህ ብል ዛሬ ሰውና ሱፍ ባሉበት የዓለም ክፍል ሁሉ ይገኛል። መነሻው የት ነው የሚለው ግን የመርማሪ ፖሊስ ታሪክ ይመስላል። ለብዙ ፍጥረታት የላቲን ስም ያወጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 መጽሐፉ ውስጥ ሁለት የልብስ ብሎች መዝግቧል። አንደኛው ከሐር ከረጢት ሰፍቶ ቤቱን እንደ ቀንድ አውጣ ተሸክሞ የሚዞር ትል ያለው ነው፤ ሌላው ትልቅ፣ ምንጣፍ የሚያዘወትር ነው። የኛው ወርቃማ ግን የለም። ያ ሁሉ ድንጋይና ቅጠል ያገላበጠ ሰው በገዛ ቁም ሳጥኑ ያለውን አያየውም ማለት ይከብዳል። ወርቃማው ብል ስም ያገኘው ከ65 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1823 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ሁመል በተባለ ሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩዲ ፕላሬና ባልደረባው ይህንና ሌላውን ማስረጃ አገጣጥመው ሲያስቡ፣ ብሉ መካከለኛው ወይም ደቡባዊው አፍሪካ ተወልዶ አውሮፓ የደረሰው ገና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጻፉ።

አያችሁልኝ? የአውሮፓን ቤተ መንግሥት ምንጣፍና የመኳንንቱን ካፖርት ወንፊት ያደረገው የአህጉራችን ልጅ ሳይሆን አይቀርም። እነሱ ቆዳውንና የአውሬውን ፀጉር ጭነው ሲሄዱ አብሮ የሄደ ስደተኛ። ቪዛም አልጠየቁት።

እዚያ ሲደርስ የቀደሙትን ብሎች ቀስ በቀስ ገፍቶ ቤቱን የወረሰው በአንድ ችሎታው ነው፤ ድርቀት ይችላል። ከረጢቱን የሚሸከመው ዘመዱ እርጥበት ይፈልጋል። ወርቃማው ግን ውኃ አይጠጣም፤ የሚያስፈልገውን ከደረቅ ፀጉር ውስጥ ራሱ ያወጣል። ቤቶች በክረምት እየሞቁ፣ አየራቸው እየደረቀ ሲመጣ ለእርጥበት ወዳዱ ገሃነም፣ ለእሱ ገነት ሆነ። ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ከናንተ ጋር ክረምቱን በማሞቂያ የሚያሳልፍ ደባል አላችሁ። ከአገር ቤት የላክንላችሁ ጋቢ ጥጥ ነውና አትሥጉ። ለበጋው ሳይታጠብ የተሰቀለው የሱፍ ካፖርት ግን ሒሳቡን ይከፍላል። እዚህ ያለነውም ከሰልባጅ ተራ ጥሩ የሱፍ ኮት ያገኘን ቀን፣ ደስታችን ሳይበርድ ቀጥታ ቁም ሳጥን ውስጥ ባንሰቅለው ይሻላል።

በአህጉራችን ሜዳ ላይ የቀሩት ዘመዶቹ ደግሞ የባሰ ጉድ ናቸው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ሴራቶፋጋ ቫስቴላ የሚባል የብል ዘመድ አለ፤ የእሱ ትል የሚበላው ቀንድ ነው። የሞተ ጎሽ፣ የሞተ ድኩላ፣ የሞተ በሬ ቀንድ ላይ ይሰፍርና ከውስጥ እየበላ፣ ከኩሱና ከሐሩ እንደ ጣት የቆሙ ቱቦዎች ወደ ውጭ ይሠራል። ሜዳ ላይ የወደቀ ቀንድ ጣት አብቅሎ ብታዩ አስማት እንዳይመስላችሁ። ይህ እንግዲህ ጠጅ የምንጠጣበትን ዋንጫ ቁርስ የሚያደርግ ፍጡር መሆኑ ነው። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ሌላው የዚሁ ወገን ትል የሞተ ኤሊ ድንጋይ ልብስ ይበላል።

ለመሆኑ እነዚህ ባይኖሩ ምን ይሆን ነበር? ጅብ ሥጋውን ይጨርሳል፣ አሞራ አጥንቱን ይለቅማል፣ ጉንዳን ፍርፋሪውን ይወስዳል። ፀጉርን፣ ቀንድን፣ ላባን ግን ደፍሮ የሚነካ ጥቂት ነው። ብልና ጥቂት ጓደኞቹ ከድግሱ በኋላ መጥተው አዳራሹን የሚጠርጉ ናቸው። ለእሱ የአባባ በርኖስ ባለቤቱ በግ የሞተበት ፀጉር ነው። በጉ መሞቱ እውነት ነው፤ ብሉ የሳተው ሌላ ባለቤት እንዳለው አለማወቁ ብቻ ነው።

ሰውም ዝም አላለውም። የብል ጦርነት የኬሚስትሪን ታሪክ ሳይቀር ነክቷል። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ የነበረው ጋይጊ የተባለ ኩባንያ ለሱፍ የብል መከላከያ ሲያበጅ የኖረ ነው። እዚያው ቤት ፀረ ነፍሳት ሲፈልግ የነበረው ኬሚስቱ ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1939 የዲዲቲን ኃይል አገኘ፤ በ1948 ኖቤል ተሸለመበት። ዲዲቲ! በቆላው አካባቢ ያደጋችሁ፣ የወባ መከላከያ ሠራተኞች ግድግዳውን ሲረጩ ዕቃ እየተሸከማችሁ ወደ ግቢ የወጣችሁ፣ ያንን ሽታ አትረሱትም። በኋላ ጉዳቱ ታውቆ በብዙ አገር ታገደ። ብሉ ግን አሁንም አለ።

የዛሬዎቹ ጦረኞች ብልሃት ቀይረዋል። እንግሊዝ ውስጥ ታሪካዊ ቤቶችን የሚጠብቀው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ እ.ኤ.አ. በ2017 የብል ወጥመድ ለጎብኚዎች በነጻ አድሏል። ወጥመዱ በሴቷ ሽታ ወንዱን አታሎ ሙጫ ላይ የሚያጣብቅ ነው፤ ዋና ጥቅሙ ብል የት ቤት እንዳለ ማወቅ ነው። ናሽናል ትረስት የተባለው ሌላው ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ብሊክሊንግ ሆል በሚባለው አሮጌ ቤት ውስጥ ዓይን በጭንቅ የሚያያቸው ተርቦች ለቀቀ። ግማሽ ሚሊሜትር የሚያክሉ ናቸው። የብሉን እንቁላል ፈልገው የራሳቸውን እንቁላል ውስጡ ይጥሉበታል። ብል ሊፈለፈል ሲጠበቅ ተርብ ይወጣል። በነገሥታት ምንጣፍ ላይ እንዲህ ያለ ግፍ ይፈጸማል።

ተርብ የሌለን እኛስ? ናፍታሊን አለን። ከሱቅ የምንገዛት ነጭ ክብ። ብዙዎቻችን ግን አጠቃቀሟን አናውቅም። ናፍታሊን ብል የምትገድለው ትነቷ ጠበቅ ባለ ዕቃ ውስጥ ሲታመቅ ነው። በሩ በማይገጥም ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ፍሬ መወርወር ብሉን አያስነጥሰውም፤ ልብሱ ብቻ ይሸታል። ጤናን በተመለከተ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ሽያጯን አግዷል። በተፈጥሮ የደም እጥረት የሚያስከትል ችግር ያለባቸው ሕፃናት አሉ፤ የናፍታሊን ትነት ቀይ የደም ሴላቸውን ያፈርሰዋል። በናፍታሊን የተቀመጠ ፎጣ ወይም ብርድ ልብስ ጨቅላ ላይ አታድርጉ። ይህቺን ከጨዋታው ለይታችሁ ያዙልኝ።

ፍሪዘር ያለው ሰው ልብሱን በላስቲክ አሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ቢያቆየው እንቁላሉም ትሉም ያልቃል። በሥጋና በበርበሬ መሐል የአያትን ባና ማስተኛትን ለቤቱ እመቤት ማስረዳት ነው ከባዱ። የእንጨት ሳጥን ለሚወዱ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካኖች ብል አይደፍረውም ብለው ከመዓዛማ እንጨት ሳጥን ያሠራሉ። ሴዳር ይሉታል እንጂ ዛፉ የኛው የጽድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ወገናቸው አንድ ነው። የእንጨቱ ዘይት ሳጥኑ ጥብቅ ሲሆን ገና የተፈለፈሉትን ትሎች ይገድላል። ያደጉትን አይነካም፤ ዓመታት ሲያልፉ ዘይቱ ይተንና ሳጥኑ ተራ እንጨት ይሆናል። የአባባ ሳጥን ጽድ ነበረች። እሷም ሽታዋን ከጨረሰች ቆይቷል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማለዳ እትዬ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ባናቸው ተሰጥቷል። አርባ ዓመት ያለፈው ባና ነው። ቀዳዳ የለበትም። እትዬ ዱላ ይዘው ጀርባውን ዱብ ዱብ ያደርጉታል፤ አቧራው በፀሐዩ ውስጥ ይታያል። ገለበጡት፤ ሌላውን ወገን መቱት፤ ጠርዙንና እጥፋቱን በእጃቸው አራገፉት። ማታ ይለብሱታል። በሳምንቱ ደግሞ እንዲሁ።

ቆሜ አየሁ። ብርሃን ጠል የሆነውን ትል ፀሐይ ያስወጣዋል። በድርና በማጉ መካከል የተሰካውን እንቁላል ዱላው ያራግፈዋል። በየሌሊቱ የሚገለጥ፣ የሚታጠፍ፣ የሚንቀሳቀስ ልብስ ደግሞ ሁለት ወር ጸጥታ ለሚፈልግ ዋሻ ቆፋሪ አይመችም። እትዬ ኮፐንሃገንን አያውቁም፤ የኬራቲንን ድልድይ ከኔ ነው የሰሙት። ብልን ግን ያሸነፉት እሳቸው ናቸው። ብርቅ አድርገን ቆልፈን ያስቀመጥነውን በርኖስ እኛ ለብል ሰጠነው፤ በየቀኑ የሚለብሱትን ባና እሳቸው አተረፉት።

በሠርጉ ቀን ወንድሜ ጋቢውን ደርቦ መረቀ፤ አማረበትም። በርኖሱን ደግሞ ሸማኔ ቢያዩትም «ከዚህስ አዲስ ይሻላል» ብለው መለሱልን። ደህና የቀረውን ጥግ ቆርጬ ወንበሬ ላይ አንጥፌዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ የተቀመጥኩት እሱ ላይ ነው።

እናንተም ቤት አንዲት ሳጥን አትጠፋም። አንዱ በርኖስ፣ አንዱ አጎዛ፣ አንዱ ለክፉ ቀን የተባለ የሱፍ ኮት ውስጧ ይኖራል። ነገ ፀሐይ ከወጣች ክፈቷት። አውጡት፣ ምቱት፣ አስጡት። ማታ ደግሞ ልበሱት።